የሚስተር ፕሩት ቲማቲም

ማን እንደዘራው የማላውቀውን ነገር እያበላሁ፣ ልጅቷን አዳንኳት ስል ባጠፋትስ? ያን ዓመት ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይህንን ራሴን ሳልጠይቅ የዋልኩበት ቀን የለም። መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ልጅቷ የልጄ የዳያን ልጅ ናት። ኤልሲ ትባላለች፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ በየካቲት ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ ከሄደ በኋላ እናትና ልጅ እኔ ዘንድ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ኤልሲ መብላት ተወች። አኩርፋ ቢሆን አባብላት ነበር፤ አላኮረፈችም። ማዕድ ላይ ቁጭ ትላለች፣ የሰጠኋትን ታላምጣለች፣ ጉንጯ ውስጥ ታቆየውና እኔ ዞር ስል በወረቀት ትጠቀልለዋለች። ከሶፋው ትራስ ሥር የደረቀ የዶሮ ሥጋ አግኝቻለሁ። በሰኔ ሐኪሙ ለዳያን ቁርጡን ነገራት፤ እስከ ነሐሴ የመጨረሻው ዓርብ ድረስ ክብደት ካልጨመረች ሆስፒታል ተኝታ በአፍንጫዋ በኩል በቱቦ ትመገባለች። ዳያን ሌሊት ሌሊት የአምቡላንስ ጥሪ ስለምትቀበል ልጅቷን ማብላት የእኔ ሥራ ሆነ። «ቱቦ አይገባባትም፣ እኔ አለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። አፌ ቸኮለ።

ከረጢቱ መጀመሪያ የመጣው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ጋዜጣ ላነሳ በማለዳ በሩን ስከፍት በረንዳው ላይ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ተቀምጧል፤ አፉ ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ ታጥፏል። ውስጡ ቲማቲም፣ ኪያር፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ። ቲማቲሙን ሳነሳው ሞቃት ነበር። ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። ቲማቲሙ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ነገር ይሞቃል።

እርግጥ በእኛ ሰፈር ይሄ አያስደነግጥም። አትክልት የሚተክል ሰው ሁሉ በዚያ ወቅት ምርቱ ይተርፈዋል። በተለይ ዝኩኒ፤ ዛሬ ጣት የሚያህለው ነገ ክንድ ያህላል። ስለዚህ ጎረቤት በረንዳ ላይ ጥሎ መሮጥ ነው። ያገኘው ሰውም ማን አመጣው ብሎ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ሌላ ይጨመርለታል። እኔም አልጠየቅሁም። ከረጢቱን አስገብቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

ኤልሲ በፒጃማዋ መጣች። አንዱን ቲማቲም አንስታ አሸተተችው፣ ከዚያም እንደ ፖም ገመጠችው። ጭማቂው በክንዷ ወርዶ በክርኗ ይንጠባጠባል። ሁለተኛ አነሳች። ሦስተኛ አነሳች። እንዳላስደነግጣት ብዬ ፊቴን ወደ እቃ ማጠቢያው አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው መጣ። ኤልሲ ከዚያ ከረጢት የወጣ ነገር አብሮት ካለ ዳቦም እንቁላልም ትበላለች። ከሌለ ውሃ እንኳን አይወርድላትም። እኔ አልቀመስኩትም። ደም የሚያቀጥን ክኒን ስለምወስድ ቅጠላ ቅጠል ተከልክያለሁ፤ ቲማቲም ደግሞ ደረቴን ያቃጥለኛል። ዳያንም ከልጅነቷ ጀምሮ አትክልት ሳህኗ ጠርዝ ላይ የምትደረድር ሰው ናት።

ላመሰግን ብዬ ከፊት ለፊታችን ወዳለችው ወደ ጆይስ ሄድኩ። ጆይስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰው ሲሮጥ ካየች ትቆጣለች።

«አንቺ ዊልማ!» አለችኝ። «እኔ እኮ አንቺ ነሽ ብዬ ኬክ ልጋግርልሽ ዱቄት አውጥቼ ነበር!»

«እኔ? የላስቲክ አበባ የሚደርቅብኝ ሰው ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው ራስል ነው።»

«ራስል ሣሩን በመቀስ የሚያስተካክል ሰው! ጓሮውን ቆፍሮ ቲማቲም ሊተክል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ጆይስ ሳቋን አቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ የምልሽ፣ ሰሞኑን ስነሳ አንሶላዬ ጭቃ ሆኖ ነው የማገኘው። በእግሬ በኩል።»

«ውሻሽ ይሆናላ።»

«ዊልማ፣ ውሻዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ነው የሚስተር ፕሩትን ግቢ ልብ ብዬ ያየሁት።

ስለ ሚስተር ፕሩት የማልወደውን ነገር መናገር አለብኝ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የእሳቸው ነበር። ጓሯቸው የትልቅ ዛፍ ጥላ ስለሆነ አትክልታቸውን የሚተክሉት ከቤቱ ፊት፣ መንገድ ዳር ነበር። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ደግሞ ከቤት ፊት ሣር ብቻ ነው የሚፈቅደው። ራስል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። በመስከረም አትክልቱ ይነሳ የሚል ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት ዞረ፤ ሁላችንም ፈረምን። ለዓመታት ቲማቲማቸውን ስንበላ የኖርን ሰዎች። እኔም በአንድ እጄ ወተት እንደያዝኩ መኪናዬ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ፤ አላነበብኩትም። በጥቅምት ማሽን መጥቶ ሁሉንም ገለበጠው፣ ሣር ተነጠፈበት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። መስኮታቸው ላይ ቆመው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። በጥር ሞቱ። ልጃቸው ሩቅ ነው፣ ቤቱ እንደተቆለፈ ነበር።

ከመኪናዬ ሆኜ በየቀኑ ሳልፍ አረንጓዴ ነገር አያለሁ፤ ሣሩ አድጎ ነው ብዬ እተወዋለሁ። አሁን በእግሬ ስቆም ሣር አልነበረም። ቲማቲሙ በመስመር ቆሟል፣ ግንዱ በጨርቅ ቁራጭ ከእንጨት ጋር ታስሯል። ፎሶሊያው ክር ላይ ወጥቷል። ዝኩኒው ቅጠሉን ዘርግቷል። አንድ አረም የለም። አፈሩን ነካሁት፤ ውሃ ጠጥቷል።

ራስል በዚያው ሰዓት ኪያር እየገመጠ በእግረኛው መንገድ መጣ። እዚህ ሰፈር የቆሻሻ በርሜል ግማሽ ቀን ውጭ ቢቆይ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው።

«ራስል፣ ይሄን ግቢ አየኸው?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየ። በደንብ፣ ረጅም ጊዜ አየ።

«ምን ሆነ? ሣሩ አምሮበታል» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁ፤ አይቀልድም። ኪያሩን የያዘበት እጁ ጥፍሩ ሥር ሁሉ ጥቁር አፈር ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሳሎን መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን የጆይስ በር ተከፈተ። በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ በባዶ እግሯ መንገዱን ተሻገረች። ከዚያ ራስል። ከዚያ ከማዕዘኑ ቤት ባልና ሚስቱ። አንዱ ሌላውን ሰላም አይልም። የሚስተር ፕሩት መደብ ውስጥ ተንበረከኩ፣ ሁሉም የየራሱ መስመር አለው። ያርማሉ፣ ያስራሉ፣ ይለቅማሉ። ራስል የውሃውን ጎማ እየጎተተ ሥር ሥሩን ያጠጣል። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን የሚያዩት እጃቸውን አይደለም። ሲጨርሱ ከረጢት ሞሉ፣ አፉን ሁለት ጊዜ አጠፉ፣ በየበረንዳው አስቀመጡ። ጆይስ የእኛን ደረጃ ስትወጣ በመስታወቱ በኩል አንድ ክንድ ያህል እንኳን አልራቀችኝም። «ጆይስ!» አልኳት። ሽፋሽፍቷ እንኳን አልተነቃነቀም።

ዳያን ከሥራ ስትገባ ጃኬቷን ሳታወልቅ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ሰዎቹ እንቅልፋቸው ውስጥ አረም ያርማሉ ነው የምትይኝ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«እንዲህ የሚቻል ከሆነ እኔም ተኝቼ ልብስ የማጥብበትን ንገሪኝ።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ልጄ እየበላች ነው። ማንም ይትከለው። እባክሽ አታበላሺብኝ፣ አሥር ቀን ነው የቀረን።»

እኔ ግን ፈራሁ። ዛሬ የበላ ሁሉ ነገ ተኝቶ ወደ መደቡ የሚሄድ ከሆነ ኤልሲስ? የሚቀጥለውን ከረጢት ሳትነሳ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ሱፐርማርኬት ሄጄ ያማረ ቲማቲም ገዛሁ፣ ቡናማ ከረጢት ውስጥ አደረግሁ፣ አፉን እኔው ሁለት ጊዜ አጠፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ላታልል።

ኤልሲ አንዱን አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄ የእሳቸው አይደለም።»

«የማን፣ የኔ እናት?»

«አያቴ፣ አንቺም ፈርመሽ ነበር አይደል?»

ስንፈርም ኤልሲ እዚህ አልነበረችም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ማን ነገረሽ?»

«እንጃ» አለችና ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛች።

ሦስት ቀን ታገልኩ። ሾርባ ሠራሁ፣ አይስክሬም ለመንኳት፣ ማንኪያውን እንደ ሕፃን በአፏ ዙሪያ አዞርኩ። ከንፈሯ ገረጣ፣ እጇ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። በአራተኛው ቀን ደረጃውን መውጣት አቅቷት መሃል ላይ ተቀመጠች። ተሸክሜ ሳወጣት ምንም አትከብድም። በሩን ከፍቼ የዚያን ቀን ከረጢት አስገባሁ። ቲማቲሙን በጨው ቆራርጬ አጎረስኳት። ሞቃት ነበር። ዋጠችው፣ ሌላ ፈለገች።

ዓርብ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማትና ሁለት ጊዜ አየው። ክብደቷ ጨምሯል፤ ቱቦ የሚባል ነገር ቀረ።

«ምን እያበሏት ነው?» አለኝ።

«ከሰፈር አትክልት» አልኩት።

«እንዳያቋርጡባት» አለ። ዳያን እዚያው ክፍል ውስጥ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ «ቃልሽን ጠበቅሽ እማዬ» አለችኝ።

ያን ምሽት ዳያን ሥራ ሄደች። እኔ የውጭውን በር ቆለፍኩ፣ ሰንሰለቱን አያያዝኩ፣ ወንበር ጎትቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ መስኮቱ ግራጫ ሆኗል፣ ደረጃው ላይ እግር ይሰማል።

ኤልሲ ፊቴ መጥታ ቆመች። ፒጃማዋን ለብሳ በባዶ እግሯ ናት። ዓይኗ ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን እኔን አይደለም።

«ኤልሲ፣ የኔ ልጅ፣ ተመለሺ ተኚ።»

አልገፋችኝም፣ አላለቀሰችም። ጠበቀች። ብዙ ቆመች። ስትቆም ስትቆም ጉንጯ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። ከንፈሯ ደረጃው መሃል ላይ በተቀመጠችበት ቀን የነበረውን መልክ ያዘ። እጇን ያዝኩት፤ ከጣቶቿ ጀምሮ እየቀዘቀዘ ነው። ላሸው ሞከርኩ፣ አልሞቅ አለኝ። ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከወንበሩ ተነሳሁ። ሰንሰለቱን ፈታሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ወዲያው ሞቀ።

ኤልሲ እጇን ከእጄ አውጥታ ወደ ሚስተር ፕሩት ግቢ ሄደች።