በመሪጌታ አካሉ ጓሮ ላይ የወጣው እግድ

መሪጌታ አካሉ በሞቱ በሦስተኛው ወር፣ በ1974 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ልጃቸው አገርነሽ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጧት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትገባ ጓሮው መሐል አራት ችካል ተተክሎ አገኘች። አዲስ የተጠረቡ ናቸው። ከሎሚው ዛፍ ጀምረው ቦታውን ለሁለት ከፍለውታል፤ በአንድ ወገን ቤቱ፣ በሌላው ወገን ጌሾውና እስከ ጣና ዳር የሚወርደው ባዶ መሬት።

«እማማ ውዴ፣ ይህን ማን ሲተክል አዩ?» ብላ በአጥሩ ላይ ጎረቤቷን ጠየቀች።

«ወንድምሽ ነዋ! ካኪ የለበሰ ሰው አስከትሎ ሜትር ሲዘረጋ ነው ያረፈደው። አንቺ አታውቂም እንዴ?»

አታውቅም። ታላቅ ወንድሟ አለበል የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነው፤ ከሚስቱ ከሰገነት ጋር በኪራይ የቀበሌ ቤት ይኖራል። አባታቸውን ስድስት ዓመት ሙሉ ያስታመመችው፣ ከሞቱም በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረችው አገርነሽ ናት። አለበል ስለ ውርሱ አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም። ዝምታውን እስከዚያ ቀን ድረስ ከጨዋነት ቆጥራለት ነበር።

በማግስቱ አለበል ቤት ሄደች። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጎንበስ ብሏል፤ ሲያያት ጋዜጣ ጣል አደረገበት።

«ጓሮው ላይ ምን እያደረግህ ነው?»

«አጥር ላጥር ብዬ ነው።»

«መሐል ጓሮ ላይ?»

«ዝም በይ እባክሽ፣ እቴ። ለማንም እንዳታወሪ። በተለይ ለውዴ።»

ሰገነት ከጓዳ ጠርታው ሲነሣ አገርነሽ ጋዜጣውን ገለጥ አደረገችው። የጓሮው ፕላን ነው። ከሥሩ «አገርነሽ አካሉ፣ ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከጎኑ ሐምራዊ የጣት አሻራ ታትሟል። አገርነሽ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ከተማረች ወዲህ አሻራ አድርጋ አታውቅም፤ በፊርማዋ ትኮራ ነበር። ጋዜጣውን መልሳ ወጣች። ሰገነት «ምሳ ሳትቀምሽ?» እያለች እስከ በር ተከተለቻት። ደግነቷ እንኳ የሚያስፈራ ሆነባት።

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር፣ አዘዘ የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጥ ነበር። ነገሯን ሰምቶ ጨረሰና፣

«ክስ ብቻ ካቀረብሽ ቀጠሮ እስኪደርስ ቦታው ተከፋፍሎ ያልቃል» አላት። «በቅድሚያ እግድ ጠይቂ። ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው ሸንጎው ያዝልሻል።»

ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላት፦ «የማይተካ ጉዳት ስለሚደርስብኝ፣ ዋናው ክርክር ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ማንኛውም ሰው በቦታው ላይ እንዳይሠራ፣ እንዳይከፍል፣ ለሌላም እንዳያስተላልፍ ይታገድልኝ።»

«ለምን ማንኛውም ሰው አልህ? የምከሰው አለበልን ነው።»

«አለበል ብቻ ብል ሚስቱን ይልካታል።»

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ባሕር ዳር ውስጥ ቀያሽ የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አልጣማትም። ወረቀቱን ተቀብላ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሚነቀፍ ነገር ስታጣበት ይበልጥ ተጠራጠረች፤ ግን ፈረመች።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ክንዱ የሚባል አናጺ ነበር። ቶሎ አይናገርም፤ የተናገረውን ደግሞ አያጥፍም። የአገርነሽን ቃለ መሐላ ሰምቶ ወደ አለበል ዞረ።

«ጓድ አለበል፣ እህትህ አየሁት የምትለው አሻራ የማን ነው?»

አለበል ተነሣ። ግድግዳውን አየ፤ ከግድግዳው ማዶ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሮ ነው።

«እዚህ መናገር አልችልም» አለ።

«እንግዲያ የት ነው የምትናገር?»

አለበል ተመልሶ ተቀመጠ። እግዱ በዚያው ቀን ተጽፎ ማኅተም ተመታበት።

አገርነሽ በሐይቁ ዳር መንገድ ስትመለስ አለበል ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰባት። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ቀነሰ።

«ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ሊቀ መንበሩ በሐይቁ በኩል ያለውን ለመዝናኛ ክበብ ሊወስደው ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአምስት መቶ ካሬ ሜትር በላይ አይፈቅድም፤ የእኛ ዘጠኝ መቶ ነው። ሳይደርሱብን ለሁለት ከፍዬ አንዱን በስምሽ፣ አንዱን በስሜ ላስመዘግብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ለውዴ ትነግሪያታለሽ። የውዴ ልጅ ደግሞ የሊቀ መንበሩ ጠባቂ ነው።»

«አሻራውስ?»

«የሰገነት ነው።»

አገርነሽ ቆመች። «በስሜ የሚሆነው የትኛው ነበር? የቤቱ ነው የሐይቁ?»

አለበል የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ያን ገና አልወሰንሁም ነበር» አለ።

ለመመለስ መቆየቱን ልብ አለች። ቤቱን ለራሱ፣ ሊወሰድ የደረሰውን ለእሷ አስቦ ይሆናል። ወይም እንዳለው ገና አልወሰነም። የትኛውን እንደምታምን ሳታውቅ ተለየችው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ከቀበሌው አምስት ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ጓሮው ገቡ። አለበል ስለ ሊቀ መንበሩ የነገራት ያኔ እውነት ሆነ። አገርነሽ ቦርሳዋን ከፍታ እግዱን አወጣች።

«ይህ የወንድምሽ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አላት መሪያቸው።

«ማንኛውም ሰው ይላል። አንብበው።»

አነበበው። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደ፤ ሊቀ መንበሩ ክንዱን አስጠራ። ክንዱ የእንጨት ብናኝ ከነጠላው ሳያራግፍ መጥቶ፣ «ማንኛውም ሰው ብለናል፤ ክርክሩ ይለቅና ይታያል» አለ። ሊቀ መንበሩ ብዙ ተቆጣ። ክንዱ ግን ማኅተሙን ራሱ መትቶበታልና አልተመለሰም። ሰዎቹ ዶማቸውን ይዘው ወጡ። አለበል ከመንገዱ ማዶ ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አልቀረበም፤ ፈገግም አላለ።

በቀጠሮው ቀን አለበል ተነሥቶ፣ «ምስክሬ ጎንደር ናቸው፤ ቀን ይሰጠኝ» አለ። ጎንደር ውስጥ ምስክር የሚሆነው ሰው እንደሌለ አገርነሽ ታውቃለች። ልትቃወም ብድግ አለች። ከዚያ ክርክሩ ካለቀ እግዱም እንደሚያልቅ ትዝ አላትና ቁጭ አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ እሷ ታመምሁ ብላ ቀረች።

እንዲህ ሲሉ አራት ዓመት ተካሰሱ። አንድም ቀን ተቀምጠው አልተመካከሩም፤ በመንገድ ሲገናኙ ፊት ይዞራሩ ነበር። ሰው ሁሉ ጠላትነታቸውን አመነ፤ አገርነሽም ብዙውን ጊዜ ታምነው ነበር። አንድ ቀን አለበል በሸንጎው ፊት፣ «አባቴን በቁማቸው የዘረፈች ናት፤ ያስታመመችውም ለቤቱ ብላ ነው» አለ። ቃሉ አጥንቷ ገባ። ሲወጡ ለማስመሰል ነው የሚል አንድ ምልክት ከፊቱ ፈለገች። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ያን ሌሊት አልተኛችም።

በ1978 ሊቀ መንበሩ ተሻረ፤ ክበቡም ሌላ ስፍራ ተሠራ። ማዘጋጃ ቤት ውርሱን ለሁለት ከፍሎ ለመመዝገብ ሲፈቅድ አለበል ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጇን አንኳኳ። ጠጉሩ ሸብቷል።

«ዕርቅ ብለን ክሱን እንዝጋው» አለ። «አንቺ ምረጪ፤ የተረፈውን እወስዳለሁ።»

«ለምን እኔ እመርጣለሁ?»

«እንዲሁ ነው።»

ሦስት ሳምንት አሰበች። ቤቱ ምን ጉድ አለበት? ሐይቁ ዳር ምን ሊሠራ ነው? እማማ ውዴን ጠየቀች፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የሚያነጋግራት ፈለገች። ምንም የተደበቀ አላገኘችም። በመጨረሻ ቤቱን መረጠች። ክንዱ ዕርቁን መዝግቦ እግዱን አነሣ።

አለበል ሐይቁ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ከሰገነት ጋር ገባ። በአባታቸው መታሰቢያ ቀን አብረው በሉ፤ ሰገነትም የወጡን ጥሩውን ቁራጭ ለአገርነሽ አነሣችላት። አገርነሽ፣ «ያን ቀን በሸንጎ ያልኸኝ የምርህን ነበር?» ብላ ልትጠይቀው ብዙ ጊዜ ዳድቷታል። አልጠየቀችውም። የሚመልስላትን እንደማታምነው ታውቅ ነበር።