በወንድሜ ካርድ ላይ የተጻፈው ቃል

ማርች 9 ቀን 1971፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወንድሜ ቶአደር በሮማኒያ፣ ሬጊን ከተማ በሚገኝ አንድ የቫዮሊን መሥሪያ ቤት ለቅርጽ ሥራ ተፈተነ። የቫዮሊኑን አናት፣ ያንን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘውን፣ በመሮና በቢላዋ ቀረጸ። ፈታኙ ጋሽ ኢየሮኒም ሥራውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የሠራተኛ ካርዱ ላይ አንድ ቃል ጽፈው ፈረሙ፤ «ስትንጋች»።

በእኛ በሮማኒያውያን ቋንቋ ስትንጋች ግራኝ ማለት ነው። እጁ የማይታዘዝለት ሰውም ስትንጋች ነው። ቀኝን የምንጠራበት ቃል ደግሞ ሕግም ቅንም ማለት ነው። ቶአደር የተፈጠረው በወዲያኛው፣ በግራው በኩል ነው።

ጋሽ ኢየሮኒም የጻፉት እንጨቱን አጥብቆ የሚይዘውን የጠረጴዛ ማሰሪያ በግራ በኩል እንዲገጥሙለት ብለው ነበር። የቢሮዋ ጓድ ሉክሬጺያ ግን በሁለተኛው ትርጉም አነበበችውና ማሸጊያ ክፍል መደበችው። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ቫዮሊን ከመቅረጽ ሌላ ያልተመኘ ልጅ፣ ሳጥን መቸንከር ጀመረ። እራት መብላትም ተወ።

በሳምንቱ እኔ እኅቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሽ ኢየሮኒም፣ ወንድሜን ገደሉት እኮ» አልኳቸው።

«ምን አደረግሁት?»

«ስትንጋች ብለው ጻፉበት።»

«ታዲያ አይደለም? ቢላዋውን በምኑ ነው የያዘው፣ በእግሩ?»

ቃሉን እንዲለውጡት ለመንኳቸው። የፈረሙበትን ነገር በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰርዘው እንደማያውቁ ነገሩኝ። መጨመር ግን አልተከለከለም። ካርዱን አስመጡና ከቃሉ ቀጥለው «ግን እጀ ብልህ» ብለው ጨመሩ።

ካርዱን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ጓድ ሉክሬጺያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እጁ አይታዘዝለትም፣ ግን እጀ ብልህ ነው ይላል» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ስንት እጅ ነው ያለው?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው አንደኛው ይሠራል ማለት ነው» አለችና ወደ ቅርጽ ክፍል አዛወረችው።

ሠላሳ አራት ዓመት ቀረጸ። ባለፈው ኖቬምበር ስንቀብረው ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ አንድ ወጣት፣ ወንድሜን አይቶት የማያውቅ፣ የሕይወት ታሪኩን ከካርዱ ገልብጦ መጥቶ ነበር። «ቶአደር ስትንጋች ነበር፣ ግን እጀ ብልህ» ብሎ አነበበ። ቄሱ አሜን አሉ።

ቢላዋው አሁን እኔ ጋ ነው። ለግራ እጅ የተሳለ ስለሆነ በቀኝ እጄ ድንች እንኳ መላጥ አልችልም።