የናይሎኑ ጋውን

የዛጎርካ ጣት የማስቲሹን ቆርቆሮ ገና ከመንካቱ ጧ! አለና ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። አጠገቡ የነበረው ማስቲሽ የጠጣ ጨርቅ ቦግ አለ። ዛጎርካ ቆርቆሮውን ከድና፣ ጨርቁን ወለል ላይ ጥላ በጫማዋ ረጋገጠችው።

«እመቤቴ ድረሽ!» አለች ከጎኗ ሶል የምትለጥፈዋ አሮጊት ቦሲልካ።

«እመቤቴን ተያት! ይሄ የተረገመ ጋውን ነው!»

የጫማ ፋብሪካው የጥጥ ሽርጦቹን ጥሎ ለሠራተኛ ሴቶቹ የናይሎን ጋውን ያደላቸው ሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ከወንበር በተነሱ ቁጥር ብረት ሲነኩ ይነዝራቸዋል።

ዛጎርካ የፋብሪካውን ባለቤት የሞሚርን ቢሮ በርግዳ ገባች። ከልጇ ጋር አብሮ የተማረ ነው።

«እትዬ ዛጎርካ፣ በር ይንኳኳል እኮ።»

«ልታቃጥለን ነው አንተ!» ጋውኑን አወለቀችና በሱፍ ሹራቧ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ብጥስጣሽ ወረቀቶች በላይ ያዘችው። ወረቀቶቹ እየዘለሉ ተለጠፉበት። «አየህ? ናይሎንና ሱፍ ሲፋተጉ እንዲህ ነው። ማስቲሽ ጋ ሲደርስ ደግሞ እሳት ነው!»

ሞሚር ሳቀ። «ሰርከስ ልትቀጠሪ ነው? ሐሙስ ጣሊያኖቹ ገዢዎች ይመጣሉ። ጋውኑን ያልለበሰች ቤቷ ትዋል።»

«እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ሴት ነን!»

«ክፍሉ እሳት በሚስብ የማስቲሽ ትነት የታፈነውስ በማን ነው? መስኮቱን በጨርቅ የወተፍኩት እኔ ነኝ?»

ዛጎርካ ደሟ ፈላ። ይበልጥ ያንገበገባት እውነቱን መሆኑ ነው። ንፋስ አንገት ያጣምማል፣ ኩላሊት ይመታል ብላ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮቱን ማንንም አላስነካችም። የእናቷ ፊት የተጣመመው በአውቶቡስ መስኮት ንፋስ ነው፤ ይሄን ሐኪምም ቢመጣ አያስክዳትም።

ጋውኑን ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

«ሳትለብሺ እንዳላይሽ!» ሲል ከኋላዋ ጮኸ።

አልዞረችም። ክፍሉ ስትደርስ ሹራቧንም አውልቃ በጥጥ ሸሚዟ ቀረች። ወሩ ጥር ነው፤ ውጭው በረዶ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ ውታፉን አንድ በአንድ መዘዘችና መስኮቱን በረገደችው።

«አብደሻል? ንፋሱ ይገድለናል!» አለች ቦሲልካ።

«በንፋስ የሞተ ሰው ቢያንስ ሬሳው ይለያል።»

ብርዱ ማጅራቷን ሲመታት ሞሚርን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበች። ከዚያ ሻሿን አንገቷ ላይ ሁለቴ ጠምጥማ፣ ማንም መጥቶ እንዳይዘጋው ወንበሯን ጎትታ እመስኮቱ ሥር ተቀመጠች።