ሁለት ቃል ሲቀነስ

ልጆቼ፣ ይህን የማወራችሁ እዚሁ ቆቦ፣ ሰልዋ ኮምፒውተር ቤት ደጃፍ ጥላ ይዤ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ጀዊሪያ ከባጃጁ ሳትወርድ «ሰልዋዬ፣ ዛሬ ነው የሚዘጋው!» እያለች መጣች። አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት የአጭር ልብወለድ ውድድር አውጥቷል፤ ድርሰቱ ከመቶ ቃል እንዳያልፍ፣ ያሸነፈውም በቴሌግራም ይወጣል። እሷ ሽልማቱን አይደለም የፈለገችው። ልጇ ሙህሲን በባሕር ወደ ዓረብ አገር ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ያንን መጽሔት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አያመልጠውም ነበር። በሕይወት ካለ ያየዋል ብላ ነው። ዘመድ «ሞቷል፣ ይብቃሽ፣ ሰደቃ አውጪለት» ሲላት በሯን ዘግታ የምትቀመጥ እናት ናት።

እሷ እያወራች ሰልዋ ጻፈች። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ መቶ ሁለት ቃል አለ።

«እማ ጀዊሪያ፣ ሁለት ቃል ይውጣ። ይቺን ‹አላህ ይዘንለት› የምትለዋን ላጥፋት?»

«ኧረ ተዪ! የሞተ ባሌ ያለ ዱዓ ይጠራል? ያንቺን አያት እንዲያ ቢጠሩብሽ ትወጃለሽ?»

«እሺ፣ አይቆጡ። ለርስዎ እንኳን ለድርሰት፣ መቶ ቃል ለሰላምታም አይበቃ!»

ሳቅን። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ኔትወርኩም ሊሄድ ነው። ሰልዋ ተጣድፋ ሌላ ሁለት ቃል አጠፋችና ላከችው።

«በይ አሁን አንብቢልኝ» አለች ጀዊሪያ፣ ሻሿን እያስተካከለች።

ሰልዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። «ልጄ ሙህሲን፣ አላህ ይዘንለት፣ በተከለው ዘይቱን ሥር ቁጭ ብሎ ያነብ ነበር...»

ቀጥ አለች።

ጀዊሪያ ያለችው «ልጄ ሙህሲን አባቱ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለት፣ በተከለው ዘይቱን ሥር» ነበር። የጠፉት ሁለቱ ቃላት «አባቱ ሰይድ» ናቸው። የሟቹ ዱዓ ልጁ ላይ ዐረፈ።

«ማንን ነው የቀበርሽብኝ?» አለች ጀዊሪያ።

«አላየሁትም፣ ወላሂ አላየሁትም!»

«መልሺው!»

«የተላከ አይመለስም፤ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚሉት። ቆይ፣ በኔ ስም አስተካክዬ ልላከው።» ነካካችው፤ ኔትወርኩ የለም። ወደ መጽሔቱ ደወለች፤ መስመሩም አይሠራም።

ጀዊሪያ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ቢያሸንፍስ? ካለበት ሆኖ ቢያየውስ? ‹እናቴ ቀብራኛለች፣ ማን ይጠብቀኛል› ብሎ እዚያው ይቀራል እኮ!»

መዳፎቿን ዘረጋች።

«ያ ረብ፣ ይቺን ጽሑፌን ጣላት። ከሰው ዐይን አርቃት። እንዳታሸንፍ።»

ልጇን የምትጣራበት ሌላ መንገድ እንደሌላት ስለማውቅ አሚን አላልኩም። እጇን እንደዘረጋች ዞራ አየችን።

«ምነው? አሚን በሉ እንጂ!»

«አሚን» አልን፤ ሰልዋ እያለቀሰች።