ከመጋረጃው ወዲያ

«የኔሮን እናት» አሉ ሲኞራ ፍላቪያ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ «የሮም መማክርት ቤተ መንግሥት እንዲሰበሰቡ ታደርግና፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ትሰማቸው ነበር።»

አስታማሚያቸው ወሰንየለሽ የአሮጊቷን እግር በዘይት እያሸች ታዳምጣለች። ኔሮንን የምታውቀው ጴጥሮስንና ጳውሎስን ባስገደለው ነው፤ እናት ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም።

«መጨረሻዋስ?»

«ያነገሠችው እሷ፣ ያስገደላት እሱ። አሎራ፣ እንግዲህ... እጇ ከበደው።»

ወሰንየለሽ የራሷን ልጅ አሰበች። ዛሬ አንድ ልጇ ዮሲ በገዛ እናቱ ላይ ሽማግሌ ልኳል። እጮኛውን ሮሐን አግብቶ ቶሪኖ ከተማ ልግባ ቢላት፣ «ከሮም ከወጣህ እናት የለህም!» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ሲኞራዋን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ወሰንየለሽም ተቀምጣ ወደ ሳሎን የሚያወጣውን መጋረጃ ስታይ፣ ጨርቁ ቀስ በቀስ ሐምራዊ ሆነ። አንዲት ፊቷ እንደ እብነ በረድ የነጣ ሴት ጆሮዋን አስጠግታ ቆማለች።

«ዝም በይ፤ ልጄ እየተናገረ ነው።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ያልኩትን።»

«የራሱንስ?»

ሴትየዋ ብዙ አዳመጠች። «የራሱን ሰምቼው አላውቅም» አለች።

ደወሉ ጮኸ። ወሰንየለሽ ዓይኗን እያሸች ሄዳ በሩን ከፈተች። የነፍስ አባቷ አባ ዘመንፈስቅዱስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ወንበር ብታቀርብ ማን ይቀመጥ! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«ልጄ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል፤ ጉልበቴንም ታውቂዋለሽ» አሉ አባ። «ቶሎ ፍረጂልን።»

«ልጁስ የት አለ?»

«ደረጃው ላይ። ፈርቶሽ።»

ፈርቶሽ። ቃሉ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

«ይግባና ራሱ ይንገረኝ።»

ዮሲ አንገቱን ደፍቶ ገባ። «እማ፣ ቶሪኖ ሥራ አግኝቻለሁ። ሮሐን እወዳታለሁ። ሳትመርቂኝ መሄድ አልችልም። ግን መሄድ እፈልጋለሁ።»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አማተበችና ዋጠችው። ልጇ ሲጨርስም፣ የቀረ ነገር አለው ብላ ጠበቀችው።

«አንቺን ጥዬ መሄድም ያስፈራኛል» አለ።

ከኋላዋ መጋረጃው አንዴ ተነፍቶ ረገበ፤ የቆመ ሰው ዘወር እንዳለ ሁሉ።

«አባ» አለች ወንበሩን እየሳበች፣ «ይቀመጡ። ጉልበትዎ አይድከም።»