ሁለቴ የለቀቀችው

ቡታጅራ በርበሬ ሲገባ ከተማው በሙሉ ያነጥሳል። ከቆሼ ከተማ በኩል የሚመጡት አይሱዙዎች ጆንያ ቆልለው ከገበያው ጀርባ ሲሰለፉ ነጋዴው እጁን ያፋትጋል፣ ተሸካሚው ወገቡን ያጠብቃል፣ ለቃሚዋ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥማለች። በዚህ ሁሉ ደስታ መሀል ፊቷን የምታጠቁር አንዲት ሰው ነበረች፤ ባሂራ።

አጎቷ ሀጂ ሀቢቡ በርበሬ የሚያከማቹበት የቆርቆሮ መጋዘን ባዶ በሚሆንባቸው ወራት የባሂራና የልጆቿ ነው። ልጆቿ ስንል የወለደቻቸው አይደሉም፤ ከትምህርት ቤት፣ ከሱቅ፣ ከሻይ ቤት ጓዳ እየሾለኩ መጥተው ፍራሽ ላይ የሚተናነቁ ሴቶች ናቸው። ኤምኤምኤ ታስተምራቸዋለች። ቡጢ አለበት፣ እርግጫ አለበት፣ ትግል አለበት፣ መሬት ላይ ክንድ ቆልፎ ማስጨነቅም አለበት። እሷንስ ማን አስተማራት? ስልኳ። መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ የዓለምን ተፋላሚ ሁሉ እያስቆመች፣ እየመለሰች፣ እያዘገየች አየች፤ ያየችውንም እናቷ በመጥረጊያ እስክታባርራት ድረስ በታናናሽ እህቶቿ ላይ ሞከረች። የምስክር ወረቀትሽ የታለ ለሚላት ሰው መልሷ አንድ ነው፦ «ወረቀት ያለው ይምጣና ከፍራሹ ላይ ያንሳኝ።»

«ልጄ» አሏት ሀጂ ሀቢቡ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ፣ «እስካሁን ዝም አልኩሽ። እሁድ ጆንያው ይገባል። ፍራሽሽን አንሺ።»

«አንስቼ የት ልውሰደው አጎቴ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጨዋ ልጅ ደግሞ መሬት ላይ አትንከባለልም። ከፍራሹ ጋር መንከባለሉንም ብታነሺው አልጠላም።»

አምና በርበሬ ሲገባ ልጆቿ ለወራት ተበትነው ግማሾቹ በዚያው ቀርተዋል። አንዷ አግብታለች፣ አንዷ ወንድሟ ከልክሏታል፣ አንዷ ደግሞ ዝም ብላ ጠፍታለች። ዘንድሮም ከተበተኑ ተመልሰው እንደማይሰበሰቡ ባሂራ አሳምራ ታውቃለች። የቀራት አንድ ቦታ ነው። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ያሠራው አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ርግብ ብቻ የሚሰለጥንበት። ማታ ማታ ግን የማስተር ይትባረክ ነው።

ማስተር ይትባረክ ከሰሜን በመምህርነት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቴኳንዶን ለቡታጅራ ያስተዋወቁ፣ የከተማው ወጣት ግማሹ መንገድ ሲያቋርጡ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሰው ናቸው። ባሂራም ልጅ ሆና የሳቸው ተማሪ ነበረች። የተለያዩት በአንድ ጎንበስ ነው። ሥልጠና ሲጀመርም ሲያልቅም ለማስተሩ ጎንበስ ይባላል። ባሂራ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጎንበስ በይ።»

«እኔ የምጎነብሰው ለአላህ ነው ማስተር። በእጄ ሰላም ልበልዎት።»

«እዚህ ቤት ወይ ይጎነበሳል፣ ወይ ይወጣል።»

ሌሎቹ ሙስሊም ልጆች አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉት ነበር። ባሂራ ነቅነቅ የሚል አንገት አልፈጠረባትም። ጫማዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እና አሁን አዳራሹን ልትለምን እኚሁ ሰው ፊት ቆመች። የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፈቃደ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጥያቄዋን በትዕግሥት ሰሙና ወደ ማስተሩ ዞሩ።

«እኔ ሴቶች አይሰልጥኑ አላልኩም» አሉ ማስተር ይትባረክ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ይሄ ነገር ግን ማርሻል አርት አይደለም። ማርሻል አርት አክብሮት አለው። ደረጃ አለው፣ ቀበቶ አለው። እነሱ ዘንድ የወደቀ ሰው ላይ ተወጥቶ ይመታል። የኛ ሰፈር ሕፃናት እንኳን ሜዳ ላይ ሲታገሉ አንዱ ከወደቀ አለቀ፤ የጣለው እጁን ይዞ ያነሳዋል። ከሕፃናት ላነሰ ነገር ነው አዳራሽ የምንሰጠው?»

ንግግሩ ባሂራን አቃጠላት፤ ያቃጠላት ደግሞ ሐሰት ስላልሆነ ነው። ሜዳ ላይ እሷም እንደዚያው ታግላ ነው ያደገችው። መልስ ግን ነበራት። እኛም ዘንድ የተያዘው ሰው «በቃኝ» ማለት ይችላል፤ በመዳፉ ሁለቴ መታ ካደረገ የያዘው በዚያው ቅጽበት ይለቃል፤ ከዚህ የበለጠ አክብሮት ከየት ይመጣል? ብላ ማስረዳት ትችል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ምላሷ ቀደማት።

«ማስተር፣ በእርግጫ ከሆነማ የገበያው አህያ ሁሉ ጥቁር ቀበቶ ይገባው ነበር።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማስተሩ አልሳቁም። አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«በቃ፣ በስድብ አንወስንም። ቅዳሜ አሳዩን። ፀጋ ካንቺ ጋር ትግጠም። ስፖርት ከሆነ አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ያንቺ ነው። ድብድብ ከሆነ ግን ሁለተኛ እንዳትመጪብን።»

ፀጋ የማስተሩ ዓይን ናት። ጥቁር ቀበቶ፣ ረጅም እግር፣ ትንሽ አፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ውድድር ስላለባት ማስተሩ ሜዳሊያዋን ካሁኑ በሰው ሁሉ ፊት አንገቷ ላይ አጥልቀውላታል።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ቦታ ያጣው መስኮት ላይ ተሰቀለ። ባሂራ ረጅም እጅጌዋን ለብሳ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ ገባች። ከኋላዋ ልጆቿ ተከተሉ፣ ከፊት ደግሞ ለጥርስም ለምላስም እረፍት የማትሰጠው ሳሌሃ።

«ኮች፣ ዛሬ እነዚህን ፋሮች አሳዪያቸው!»

«ዝም በይ፣ ውሃውን ያዢ።»

ፀጋ ወገቧን አጥፋ ጎንበስ አለች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ባሂራ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልቧን አመማት እንዴ?» አለ አንዱ ከመስኮቱ፣ ሰውም ሳቀ።

የፀጋ እግር ቀልድ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሁለት እርግጫ የባሂራ ክንድ ተቀበለው፣ ሦስተኛው ግን ጎኗ ላይ ሲያርፍ ትንፋሿ ቆመ፣ አዳራሹም ፈነዳ። አራተኛው ሲመጣ ባሂራ ከሥሩ ገባች፣ ጭኗን አቀፈች፣ ከፍ አድርጋ ከፍራሹ ጋር ሰፋቻት።

ለአዳራሹ ሰው አልቋል። «ወደቀች እኮ! አንሺያት እንጂ!» ብለው አንዲት እናት ከልባቸው ጮሁ።

ባሂራ አላነሳቻትም። የፀጋን ክንድ ያዘች፣ እግሮቿን በፀጋ ደረት ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ተኛች፣ ክንዱን በጭኖቿ መሀል ዘረጋችው። ቁልፍ ትለዋለች እሷ። ወገቧን ትንሽ ከፍ ስታደርግ የፀጋ ሌላ እጅ ከግድግዳው በኩል ማንም በማያየው ወገን ጭኗን መታ፣ መታ አደረጋት።

ባሂራ ወዲያው ለቀቀች። ደስ ብሏት ብድግ አለችና ልታነሳት እጇን ዘረጋች፤ ሕፃናቱ ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት።

«ቀጥይ!» አሉ ማስተር ይትባረክ።

የፀጋ እግር ከፀጋ ጭንቅላት በፊት ይታዘዛል። እግሩ ተነሳና ባሂራን ደረቷ ላይ አገኛት፣ በቂጧ አስቀመጣት። አዳራሹ በጭብጨባ ቆርቆሮው ሊነሳ ደረሰ።

«አቁሙ!» ጮኸች ባሂራ። «በቃኝ ብላለች! ሁለቴ መታ አድርጋኝ ነው የለቀቅኋት!»

«ግጥሚያ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ታድርግሽ፣ ትሳምሽ?» አለ ያው የመስኮቱ ሰውዬ።

አቶ ፈቃደ ቆሙ። «ፀጋ፣ ልጄ፣ በቃኝ ብለሻል?»

ፀጋ ማስተሩን አየች። ከዚያ ፍራሹን አየች። «ከአፌ አልወጣም» አለች።

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ባሂራ ጥርሷን ነከሰች፤ ይህን ነገር ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ተናግራው ቢሆን ኖሮ፣ አህያውን ትታ መዳፉን ብታወራ ኖሮ! አሁን እያለከለከች፣ ጎኗን ይዛ፣ ለሞላው ሰው ታስረዳ ጀመር፦ የተያዘ ሰው በመዳፉ ሁለቴ መታ ካደረገ በቃኝ ማለት ነው፣ ያ ከሆነ ይለቀቃል፣ የለቀቀው ነው ያሸነፈው። ያላመነ ካለ ይደገምና ይይ።

«ይደገም» አሉ አቶ ፈቃደ።

ተደገመ። በዚህኛው ባሂራ ብልህ ሆነች። ከእርግጫው ጋር አልተጫወተችም፤ ተጠጋች፣ ጣለች፣ የፀጋ ነጻ እጅ ወደ ሰዉ እንዲሆን አድርጋ ዞረች። ክንዱን ዘረጋች። አሁን አዳራሹ በሙሉ ያችን አንዲት መዳፍ ያያል። መታ ካለች አለቀ፣ አዳራሹ የልጆቿ ነው።

መዳፉ ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ ዝም አለ።

ባሂራ ወገቧን ትንሽ አነሳች። የፀጋ ክርን ከጭኗ ላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ተሰማት።

«በይው» አለቻት በሹክሹክታ።

«አልልም።»

«ፀጋ፣ ወልቂጤን አስቢ። ይሰበራል እኮ።»

«ማስተር እያዩ ነው» አለች ፀጋ በተዘጋ ጥርሷ፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

«ስበሪው ኮች!» አለች ሳሌሃ። የገዛ ልጇ። «ስበሪው፣ ይዩት!» ሌሎቹም ተቀበሏት።

አንዲት ጣት ያህል ወገቧን ብታነሳ በቂ ነው። ክርኑ ይጮሃል፣ ሁሉም ይሰማዋል፣ ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ አይኖርም። ማስተሩም ያሉት ሁሉ ልክ ይሆናል። ባሂራ አንገቷን አዙራ አየቻቸው። ማስተር ይትባረክ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። ዓይናቸው ሌላ የትም አልነበረም፣ ያ ክርን ላይ ነው፤ እጃቸውም ግማሽ መንገድ ወደ ፊት ተዘርግቷል። አቁሙ ለማለት አፋቸው ተከፍቷል፣ ቃሉ ግን አልወጣም።

ባሂራ ለቀቀች።

ፀጋ ክንዷን አቅፋ ተንከባለለችና ተነሳች። ባሂራ ፍራሹ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ሰው የቆመችውን አይቶ አጨበጨበ፣ ለተቀመጠችው አፏጨ። ማስተሩ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

አቶ ፈቃደ ክፉ ሰው አይደሉም። ቃል እየመረጡ ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ ድካምሽን አይተናል። ግን ወይ ካልተሰበረ ወይ በቃኝ ካልተባለ ማን እንዳሸነፈ የማይለይበት ነገር… ኮሚቴው እንዴት ብሎ ስፖርት ይበለው?»

«ማስተርን ይጠይቋቸው!» አለች ባሂራ። «አይተዋል። ማስተር፣ አይተዋል አይደል? ቆመው ነበር እኮ!»

ማስተር ይትባረክ ጫማቸውን አዩ። «ያየሁትን አይቻለሁ» አሉ። «አዳራሹ ግን ሥርዓት አለው። ፀጋ፣ ሰላምታ።»

ፀጋ አንድ እጇን ደግፋ ጎንበስ አለች። አዳራሹ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳሌሃ ዝም ማለት አልቻለችም። «ወላሂ ኮች አልገባኝም። በእጅሽ ነበረች። ለምንድነው የለቀቅሽው?»

ባሂራ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋባት። «አንቺ ከማን ተምረሽ ነው ስበሪው የምትይው? እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ? መታ ብለሽኝ ሳልለቅሽ የቀረሁበት ቀን አለ?»

«እሷ መች መታ አለች!»

«የመጀመሪያውን አላየሽም! አንቺም አላየሽም!» አለችና እንዳታለቅስ ፈጥና መራመድ ጀመረች። ሕዝቡስ ሕዝብ ነው፣ አያውቅም። የገዛ ልጆቿም ያስተማረቻቸው ነገር አልገባቸውም ማለት ነው?

እሁድ ጠዋት አይሱዙው ወደ መጋዘኑ በር ኋላውን እየሰጠ ነበር። ሀጂ ሀቢቡ በእጃቸው እየመሩ «ና፣ ና፣ ና» ይላሉ፤ በመሀሉ «ባሂራ! ፍራሹን!» ይላሉ። ከልጆቿ የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ሳሌሃ አልመጣችም። ባሂራ የፍራሹን ጠርዝ ይዛ ልትጠቀልል ስታጎነብስ በሩ ላይ የቆመች ሰው አየች። ፀጋ ናት፤ ክንዷን በሻሽ አስራለች።

«ለምን ለቀቅሽኝ?» አለች ፀጋ ሰላም ሳትል።

«አንቺ ለምን አላልሽም?»

ፀጋ አነጠሰች።

«ወልቂጤ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። በማሸት ይድናል ብለዋል።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ለአቶ ፈቃደ መጀመሪያውን በቃኝ ብያት ነበር ብለሽ ንገሪያቸው።»

«አልችልም። ማስተርን ማዋረድ ነው የሚሆነው።»

«እኔስ?»

«ከዚያ ቁልፍ እንዴት እንደሚወጣ አሳዪኝ» አለች ፀጋ። «ሌሊቱን ሳስበው ነበር። መውጫ አጣሁለት።»

ባሂራ ልታባርራት ነበር። ቃሉም ተዘጋጅቶ ነበር፣ እንደ አህያው ሁሉ የሚያቆስል ቃል። ፍራሹን መልሳ ዘረጋችው።

«ጫማሽን አውልቂ። ደህናውን ክንድ አምጪ።»

የአይሱዙው ሾፌር ጡሩምባ ነፋ። «ምን እየሠራሽ ነው አንቺ ልጅ!» አሉ ሀጂ ሀቢቡ።

«ይጠብቅ አጎቴ!» ባሂራ ክንዱን በጭኖቿ መሀል ያዘች፤ አልሳበችውም። «መጀመሪያ የምትማሪው መውጣቱን አይደለም። በይው።»

ፀጋ የታሰረ እጇን አንስታ በጣቶቿ ጫፍ ጭኗን ነካ ነካ አደረገቻት።

«አልሰማሁም።»

«ማን ያየናል እዚህ?»

«ትናንትስ ማን አየ? በይው ብዬሻለሁ።»

መታ፣ መታ። ባሂራ ለቀቀች። ወዲያው መልሳ ያዘቻት።

«ድገሚው» አለች፤ ዓይኗ በበርበሬው ይሁን በሌላ፣ እያነባ። «ጮክ አድርጊና ድገሚው።»