ቡዜ ምግብ የፈራችበት ሰሞን

ቡዜ ሞጆ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ሹፌሮች ጨውና ቅቤ ጠበቅ ያለበት ወጥ ይወዳሉ፤ እሷም ታውቅበታለች። ከጠዋት ጀምሮ በየድስቱ እየዞረች ትቀምሳለች እንጂ ለምሳ አትቀመጥም።

አንድ ማክሰኞ፣ የምሳ ሰው መግባት ሲጀምር፣ ጭልፋው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ልታነሳው ብታጎነብስ ጣቶቿ እምቢ አሏት። አስተናጋጇን ማርቲን «ውሃ ስጪኝ» ልትላት ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን የማይገባ ድምፅ ነበር። ማርቲ የቀለደች መስሏት ሳቀች። የቡዜ ከንፈር በአንድ ጎን መውረዱን ስታይ ጮኸች።

የዓመታት ደንበኛዋ ሹፌሩ ጆቴ ከጠረጴዛው ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ሮጠ።

«ቡዜ፣ ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ አንሺ!»

ግራው ተነሳ። ቀኙ ከወገቧ አላለፈም።

ጆቴ ሚኒባስ አስቁሞ ወደ አዳማ ይዟት በረረ። ሆስፒታል ሳይደርሱ እጇ ታዘዘላት፣ አፏም ተፈታ።

«ድኛለሁ፣ መልሰኝ። ወጡ ያርራል» አለችው።

«አልመልስሽም። እናቴም ድኛለሁ ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።»

ቡዜ ያኔ ፈራች። እስኪደርሱ ድረስ የልጆቿን ስም በሹክሹክታ ደጋገመች፤ አንዱ ስም ከአእምሮዬ ቢጠፋብኝስ ብላ።

የደም ግፊቷ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ነበር። ዶክተር ሰብለወንጌል የምትባል ወጣት ሐኪም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትንሽ ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ለአፍታ ተቋርጦ ነበር፤ አልፏል። ግን ሌላው እንደዚህ ላያልፍ ይችላል። ምን ምን ይበላሉ?»

«ኧረ እኔ አልበላም። እቀምሳለሁ ብቻ።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

ቡዜ ድስቶቹን አሰበች፤ የጥብሱን መረቅ በዳቦ የምትጠርግበትን፣ ትኩስ ሳንቡሳውን አሰበች። በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

«እርጉዝ ሳሉ ግፊት ነበረብዎት?»

«በመጨረሻዋ ልጄ። ስወልድ ለቀቀኝ።»

«እንደዚያ የሆነች ሴት በኋላም ልቧና አንጎሏ ያሰጋታል። ማንም አልነገረዎትም?»

«ማንም። እኔ የምፈራው የጡት ካንሰር ነበር።»

ዶክተሯ መድኃኒት ጻፈችላት። ጨውና ቅቤ እንድትቀንስ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣና ፍራፍሬ እንድታዘወትር መከረቻት። ቡዜ ግን ቤቷ ስትገባ ምግብ ሁሉ መርዝ መሰላት። ሳምንቱን ሙሉ ከተቀቀለ ድንች ሌላ አልቀመሰችም፤ ጉርሻ በዋጠች ቁጥር መስታወት ፊት ቆማ ከንፈሯን ታያለች። ለቀጠሮዋ ስትመለስ ዶክተሯ ተቆጣቻት፤ «ይብሉ እኮ ነው ያልኩዎት!» አለቻት።

ሥራ ገባች። ጨውን በማንኪያ እየለካች መጨመር ጀመረች፤ ማርቲ ትቀምሳለች። ሹፌሮቹ አጉረመረሙ፤ ጆቴ ብቻ ሳህኑን ጠርጎ በላ።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ እህቷ ትዝ አለቻት። ዱሬቲ ሁሩታ ነው የምትኖረው፤ እሷም በእርግዝናዋ፣ ልክ ቡዜ ግፊት ሲይዛት እንደሆነችው፣ እግሯና ፊቷ አብጦ ነበር። ቡዜ ሽርጧን ፈታ መኪና ተሳፈረች።

ዱሬቲ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አቀረበችላት።

«መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች ቡዜ።

«ምን ሆኜ? ምንም አያመኝም።»

«እኔም አያመኝም ነበር።»

ነርሱ ግፊቷን ለካ፤ ቁጥሩን አይቶ ደግሞ ለካ። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ።

«ወደ ቤት አትሂዱ። አሁኑኑ ወደ አሰላ ሆስፒታል እንልካችኋለን።»

ዱሬቲ ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች። «ልብሴን ልቀይር...»

«እንደዚሁ ነይ» አለቻት ቡዜ።

አምቡላንስ ውስጥ ዱሬቲ ዓይኗ ብዥ አለባት፤ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው አለች። ቡዜ እጇን ይዛ ታዋራታለች፤ መልስ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ስሟን ደጋግማ ትጠራታለች። አሰላ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ግፊቱን ቀስ በቀስ አወረዱት። በአራተኛው ቀን ዱሬቲ በእግሯ ወጣች።

«ፈርተሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሁንም እፈራለሁ» አለች ቡዜ።